ከቤት ይውጣ

ጌታሁን መጀመሪያ ወለሉን ነው የሚሠራው። አራት አጫጭር የሞራሌ እንጨት ቆርጦ በእግርነት ያቆማል፤ መሬት ላይ የተኛ ውሻ ብርድና እርጥበት ይጎዳዋልና የቤቱ ወለል ከፍ ማለት አለበት። በእግሮቹ ላይ ጣውላ ይደረድርና በየመሃሉ ሽንት የሚወርድበት ስስ ክፍተት ይተዋል። ከዚያ ግድግዳዎቹን ያቆማል፣ ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን በስኳድራ ያያል፣ ምስማሩን በጥርሱ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ጫፉ ወደ ውስጥ ያለፈ ምስማር ካለ በመዶሻ ያጥፈዋል። ከዚያ መዳፉን ወደ ውስጥ ሰዶ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ የሚቧጭር ነገር ካገኘ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በመጨረሻ ቆርቆሮውን ወደ ኋላ አዘንብሎ ይመታል፣ የክረምቱ ውሃ በበሩ በኩል እንዳይወርድ።

በሩን ግን አይቆርጥም። የበሩ ልክ በውሻው ደረት ስለሚወሰን ደንበኛው እስኪመጣ ይጠብቃል። ደንበኛው ሲመጣ ደግሞ የጌታሁን የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ውሻው አይደለም።

«ልጅ አላችሁ?»

«አለን። ምነው?»

«ሲያስነጥሰው፣ ዓይኑን ሲያሳክከው፣ ደረቱ ሲያፏጭ ልብ ብላችኋል?»

«አንተ ሰውዬ፣ አናጢ ነህ ወይስ ሐኪም?»

«አናጢ ነኝ። ቤቱን ሠርቼ ባዶውን ሲቀር አልወድም።»

ሰዎቹ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። ኮልፌ ውስጥ፣ ከታክሲ ፌርማታው ገባ ብሎ ባለችው ጠባብ የአናጢ ሥራ ቤቱ የውሻ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ግን ለገበያ አልነበረም። ለመከታ ነው።

መከታ ቡላ ውሻ ነው፤ የሐበሻ። የጌታሁን አንድ ልጅ ኤልዳና ድክ ድክ ስትል ነው ቡችላ ሆኖ የመጣው። የግራ ጆሮውን ጫፍ ጋሪ ቆርጦበታል። ኤልዳና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከምሳ ዕቃዋ የተረፈውን ዳቦ ለሁለት ትከፍልና አንዱን ለሱ ትሰጠዋለች፤ ከዚያ ደፋ ብላ በተቆረጠው ጆሮው የቀኑን ወሬ ትነግረዋለች። «ይሄኛው ነው የሚሰማው» ትላለች፣ «ያኛው ለሌባ ነው።» ማደሪያው፣ ጌታሁን የሠራለት ቤት፣ የግቢው በር ሥር ነበር። ሸዋረጋ፣ የጌታሁን ሚስት፣ የሳሎኑን ደፍ አንድም ቀን አላስረገጠችውም።

ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቷ ደካማ ነው። ብርድ ሲሆን ታፏጫለች፣ አቧራ ሲነሳ ታስላለች። አንድ ክረምት ሳሉ ሲብስባት ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰዷት። ዶክተሯ መረመረቻት፣ ደም አስመረመረች፣ ውጤቱን አየችና ቀና አለች።

«ውሻ አላችሁ?»

«አለን» አለ ጌታሁን።

«አለርጂክ ነው። በሉ ውሻው ከቤት ይውጣ። ይሄን በአፍ የሚሳብ ፓፍ ደግሞ እንዳዘዝኩት ትውሰድ።»

ሌላ አልተባለም። ካርዱን የያዘ ሌላ በሽተኛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

እኛ «ቤት» ስንል ግድግዳውም ነው፣ ግቢውም ነው፣ ቤተሰቡም ነው። አንድ ልጅ «ከቤት ወጣ» ከተባለ ደፉን ተሻገረ ማለት አይደለም፤ የለም ማለት ነው። ባልና ሚስቱም እንደዚያው ሰሙ። ታክሲ ውስጥ ጌታሁን «ምናለ ትንሽ ብናየው» ሲል ሸዋረጋ መስኮቱን እያየች መለሰች።

«ጌትሽ፣ ሐኪም ተናገረ እኮ። ልጅ ይበልጣል ውሻ?»

ቤት እንደደረሱ ለውሻው ቦታ ፈለጉ። ጎረቤታቸው ገሜዳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወንድሙ ከአስኮ አለፍ ብሎ ከብት ያረባል። «እዚያ ሰፊ ግቢ አለ፣ አጥንትም አይጠፋም» አለ። ኤልዳና ትምህርት ቤት ሳለች ጌታሁን ራሱ አቅፎ መኪናው ላይ ጫነው። መከታ መኪና ላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ጨዋታ መሰለው፤ ጭራውን እየቆላ ሄደ።

ኤልዳና ስትመጣ አላለቀሰችም። ዳቦዋን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ባዶው የውሻ ቤት ውስጥ አስቀመጠች። በነጋታውም እንደዚያው። ዳቦውን ጠዋት ጠዋት የሚያነሳው ጌታሁን ነበር፤ ወፎቹ በልተውት ከተገኘ ደስ ይለዋል።

ሳሉ ቀነስ አለ፣ ግን አልጠፋም። ብዙ ሳይቆይ ገሜዳ ሥራ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ቁልፉን በጣቱ ያዞራል፣ አይቀመጥም።

«ጌች፣ ያ ውሻህ...»

«ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም። ገመዱን በጥሶ ሄደ። ሰዎች አስኮ መንገድ ላይ፣ ወደ ከተማ ሲሮጥ አይተውታል አሉ።»

ወደ ከተማ ማለት ወደ ኮልፌ ማለት ነው። ጌታሁን ይህን ለሸዋረጋ ነገራት፣ ለኤልዳና ግን አልነገሯትም።

ልጅቷ ከምግብ ራቀች። ወሬ የምትነግረው የላትም። ልደቷ ሲቃረብ ሸዋረጋ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ወሬ ይዛ መጣች፦ አለርጂክ የማያመጣ የፈረንጅ ውሻ አለ። ወሬውን ተከትለው ሶሊ የሚባል ውሻ ሻጭ ጋ ደረሱ። ሶሊ ጸጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ ነጭ ቡችላ ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ውሻ በለው እንጂ ሹራብ ነው። ጸጉሩ አይረግፍም። አለርጂክ ምናምን የሚያመጣው የሚረግፈው ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?» አለ ጌታሁን።

«ለእህቴ ልጅ ራሱ ሰጥቻለሁ! ብቻ ውጭ እንዳታሳድሩት፣ ብርድ አይችልም። እናቱ ሶፋ ላይ ነው ያደገችው።»

«ሶፋ ላይ?» ሸዋረጋ ሳቀች። «እኛ እንኳ ለእንግዳ ነው የምንቆጥበው።»

ልጅቷን አምጥቶ ከውሻው ጋር ማስቀመጥ፣ ለዶክተሯ ደውሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ሰርፕራይዝ ነው ተባለ። ቡችላው በካርቶን ሆኖ ቤት ገባ። ኤልዳና ከካርቶኑ ስታወጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብላ ሳቀች። ጥጥ ብላ ሰየመችው።

«የት ነው የሚያድረው?»

«አንቺ ጋ» አለቻት እናቷ። «ይሄ የቤት ውሻ ነው።»

ጥጥ አልጋዋ ሥር ማደር ጀመረ፤ ቀጥሎ አልጋዋ ላይ። ዓይኗ ሲቀላ ሻምፖው ነው አሉ። ሳሏ ሲመለስ የአየሩ ጠባይ ነው አሉ፤ አየሩም ያን ሰሞን መጥፎ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው ሲወጡ ኤልዳና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ለመናገር አፏን ከፈተች፣ የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ፓፉን ደጋግመው ሰጧት፣ አልያዘላትም። ከንፈሯ መልኩን ሲለውጥ ጌታሁን አንስቷት ወደ መንገድ ሮጠ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጭንብል ተደርጎላት፣ መድኃኒቱን በጭስ መልክ ስባ ነፍሷ መለስ አለች። ዶክተሯ ያችው ነበረች።

«ውሻውን ከቤት አውጡት አላልኩም?»

«አውጥተነዋል፣ ዶክተር። ይሄ ሌላ ነው። አለርጂክ የለውም የተባለ።»

«እንደዚያ ዓይነት ውሻ የለም። ጸጉሩ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ምራቁም፣ ከቆዳው የሚረግፈውም ነው። የአንዱ ሊያንስ ይችላል፣ ጨርሶ የሌለው ግን የለም። የት ነው የሚያድረው?»

«አልጋዋ ላይ።»

«የፊተኛውስ?»

«እሱማ በር ላይ ነበር።»

«ሳሎን በር ላይ?»

«የለም፣ የውጭው በር። ግቢ።»

«ቤት አይገባም ነበር?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም!» አለች ሸዋረጋ። «ውሻ ቤት ይገባል እንዴ?»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ቤት ያልኩት ቤቱን ነው። የምትተኙበትን። ግቢ ውስጥ ሆኖ፣ እየታጠበ፣ እሷም ከነካችው በኋላ እጇን እየታጠበች... ቢያንስ እንሞክረው ነበር።»

«ታዲያ ለምን የት እንደሚያድር አልጠየቁንም?» አለ ጌታሁን።

እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁኝም ብትለው ይሻለው ነበር። «መጠየቅ ነበረብኝ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሶሊ ጥጥን መልሶ ወሰደው። የሆነውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ የእህቱ ልጅም ሰሞኑን እያስነጠሰች ነበር። ሸዋረጋ ፍራሹን አጸዳች፣ አንሶላውን በፈላ ውሃ አጠበች፣ ምንጣፉን አስወጣች። አሁን ቤቱን የምትጠርገው በእርጥብ ጨርቅ ነው። ኤልዳና በደህና ትተነፍሳለች። ውሻ ግን አትጠይቅም፤ ዳቦም ለሁለት አትከፍልም። ጌታሁን ከሳሉ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራኝ ይላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ቀደም ብሎ ይዘጋና አስኮ ይወርዳል። በልኳንዳ ቤቶቹ ጀርባ፣ በቆሻሻ ገንዳዎቹ አካባቢ ይዞራል። ቡላ ውሻ አይጠፋም። ሁሉም ጆሯቸው ሙሉ ነው። የሚያውቁት ልጆች «ጋሼ፣ ዛሬም አላገኙትም?» ይሉታል፣ ከፊሎቹ እያሾፉ። ሸዋረጋ አትከለክለውም። ሲመለስ በር ከፍታለት ከኋላው የተከተለው እንዳለ ታያለች።

ይህን ለሚያነብ ሰው የሚለው አለው፤ በራሱ አፍ እንዲህ ነው።

«ሐኪም ‹ቤት› ሲላችሁ የትኛው ቤት ብላችሁ ጠይቁ። አያሳፍርም። ውሻ ስትመርጡ ሐኪሙ ከፈቀደ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቡችላው ካለበት ተቀመጡ፣ ተመለሱ፣ ደረቱን አዳምጡ፣ ሌላ ቀን ድገሙት። ከዚያ ኑ፣ በሩን እቆርጥላችኋለሁ። ሌላው የራሴ ነው። ከአስኮ ወደ ኮልፌ በሚያመጣው መንገድ ላይ የግራ ጆሮው ጫፍ የሌለው ቡላ ውሻ ካያችሁ ድንጋይ አታንሱበት። ‹መከታ› በሉት። ዞር ካለ ዳቦ ስጡትና ኮልፌ ጌታሁን አናጢ ጋ ሰው ላኩልኝ። ቤቱን አላፈረስኩትም፤ እዚያው በር ላይ ነው ያለው።»