የአክስቴ ጸጉር
አክስቴ ሻሻቸውን ሳያስሩ ለማንም አይታዩም ነበር። «ቆዩማ፣ ሻሼን ልሰር» ይሉናል። እንጅባራ የአረጋውያን መጦሪያ ከገቡም በኋላ ይህ ልማዳቸው አልቀረም።

አንድ ቅዳሜ ከዳንግላ ልጠይቃቸው ስሄድ ጸጉራቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው። ተንከባካቢዋን «ምን ሆነው ነው?» ብላት፣ «ለንጽሕና ነው፤ እሳቸውም ፈቅደዋል» አለችኝ። ዓይኗን ስላሸሸችብኝ አላመንኋትም። እሷ ስትወጣ አክስቴ በአዊኛ፣ «ሊያበጥሩኝ መስሎኝ ጎንበስ አልሁላቸው» አሉኝ።

ኃላፊውን ባነጋግረው «አይደገምም» አለ። እሱንም አላመንሁትም፤ ሳላስታውቅ በየሳምንቱ ከተፍ እል ነበር። አክስቴ ጸጉራቸው ሳያድግ አረፉ።

ልብሳቸውን ልወስድ ስሄድ አልጋቸው ላይ ሌላ እናት ተኝተዋል። ጸጉራቸው ረጅም ሽበት ነው። ተንከባካቢዋ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ እየመጣሁ የምጠይቀው እርስዎን ነው» አልኋቸው።