እሱ ገድሎ እኔ ልጥፋ?

ፀጉር ሠሪዋ ግድያውን ያየችው በጠራራ ፀሐይ፣ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነው። ከበሯ ፊት ለፊት አንድ ጎረምሳ እዚያው የሚሠራውን ጫማ ሻጭ በጩቤ ወግቶ ሲሮጥ ፊቱን ለይታ አየችው፤ የሰፈሩ ሀብታም ልጅ ነበር። ደንበኛዋም ሌላውም ሰው "አላየሁም" ሲል እሷ ብቻ ለፖሊስ ቃሏን ሰጠች።

ገዳዩ ታስሮ ብዙ ሳይቆይ አጎቱ መጥቶ ወንበሯ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። "እህቴ፣ ዓይንሽ ደህና ነው? እንዳይጠፋ ብዬ ነው" አላት።

"ደህና ነው፤ አንተንም ለይቼሃለሁ። ተነስ፣ ወንበሩ የሴቶች ነው!"

ሰውየው ሲወጣ ግን ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

ጎረቤቷ ስልክ ጠጋኙ ይህን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ለዓመታት ሲወዳት ኖሮ አፍ አውጥቶ የነገራት ያን ቀን ነው። "የኔ ዓለም፣ እህቴ ያለችበት አገር እንሂድ። እዚያ እንጋባለን፤ ማንም አያገኘንም።"

"እሱ ገድሎ እኔ ልጥፋ? መጋባቱን እሺ ብያለሁ፤ መደበቁን ግን ለብቻህ!"

በማግስቱ የመጠገኛ ጠረጴዛውን ተሸክሞ መጥቶ በሯ ላይ ዘረጋው። ችሎቱ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ፍርድ ቤት አጎትየው ከፊት ተቀምጦ አፈጠጠባት። ዳኛው ገዳዩን ታውቂዋለሽ ወይ ቢሏት ጣቷን ቀሰረች። "ያውላችሁ! ያስፈራራኝም ያ የተቀመጠው ነው።"

አዳራሹ ሲንጫጫ ያቺ ደንበኛዋ እንባዋን እየጠረገች ከኋላ ተነሳች። "እኔም አይቻለሁ!"

ገዳዩ ተፈረደበት፤ አጎቱም ተከሰሰ። ሰርጉ እዚያው ሰፈር ሆነ፤ የገዳዩ ዘመዶች በመስኮት እያዩ ሙሽራዋ መሀል መንገድ ላይ ጨፈረች።