ከጣና የመጡት የዓሳ ጫጩቶች

ትናንት ከሟቹ ወንድሜ ከሙሉቀን ጋር ባሕር ዳር የተማረ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። መርዶውን ዘግይቶ ነው የሰማው። «እግዜር ያጥናህ» አለኝና ገና ሳይቀመጥ፣ «ዓይንህስ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይቼው አላውቅም። የዓይኔን ነገር ከየት ሰማ?

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ በየቀኑ ክኒን እውጣለሁ። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ካመጣችው ቃሪያ ቀዩን ለይ ብትለኝ፣ አረንጓዴውንም ቀላቅዬ ሰጠኋት። እሷ ሳቀች። ለእረፍት የመጣው ሙሉቀን ግን አልሳቀም። የምውጣቸውን ክኒኖች አንድ በአንድ አገላብጦ አየ።

ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ከጣና የዓሳ ጫጩቶች ይዞ መጣ። ጥቅምት ነበር፤ የደብረ ታቦር ውርጭ እንዳይገድላቸው ጀሪካኑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። ከቅንድብ ፀጉር የማይወፍሩ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ነገሮች።

«ምነው ልጄ፣ ይኸ ለጦም ወጥ ጠብታ ይሆናል?» አለች እናቴ።

«ለዓይናቸው ነው፣ እማ።»

ከዚያ በሩን ዘጋ። በስንጥቁ አየሁት። ጫጩቶቹን በሁለት ብርጭቆ ከፍሎ፣ በአንደኛው ውስጥ የኔን የመሰለ ክኒን ፈጭቶ ጨመረ። ሮጬ የኔን አየሁ፤ አልጎደለም። ታዲያ ከየት አመጣው? ለምንስ ይደብቀኛል?

በማግስቱ ከአሮጌ ነጠላ የቀደደውን ቀይና አረንጓዴ ጥለት በብርጭቆዎቹ ዙሪያ ቀስ እያለ ሲያዞር አየሁ። በንጹሑ ውኃ ያሉት ጥለቱን ተከትለው ይዞራሉ። ክኒን ያለበት ውስጥ ያሉት ግን ይዋኛሉ እንጂ፣ ጥለቱ ቢዞርም ባይዞርም ግድ የላቸውም።

ቀጥሎ እኔን ጠራኝ። ያንኑ ጥለት ፊቴ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲያደርገው ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እኔ ዓሳህ አይደለሁም!»

«ዓሳማ አፍ የለው፣ አንተ ሞኝ! አፍ ያለህ አንተ። ምን ይታይሃል?»

በኔ ዓይን የመመረቂያ ጥናቱን ሊሠራ ነው ብዬ ነበር። ቢሆንም ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ገለጥኩ።

«ሁለቱም... አመድ ይመስሉኛል» አልኩት።

ጥለቱ ከእጁ ወደቀ። ለምሳ የተቀቀለውን ድንች ሳንቀምስ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ መርምሮኝ ከክኒኖቹ ዓይኔን የጎዳውን ቀየረው። ቀለሙ ቀስ እያለ፣ በወራት ተመለሰልኝ። ጥርጣሬዬ ግን አብሮኝ ኖረ። አንድም ቀን ፊት ለፊት አልጠየቅሁትም።

ትናንት እንግዳውን ጠየቅሁት። «የዓሳዎቹ ዓይን... የመመረቂያ ጥናቱ ነበር፣ አይደል?»

ሰውየው ግራ ገባው። «የሙሉቀን ጥናት እኮ የዓሳ መኖ ነው። ክኒን ዓይን ይጎዳ እንደሆነ ሲጠይቅ መምህራችን ‹አንተን ከዓይን ጋር ምን አገናኘህ?› ብሎ ቢቆጣው፣ ‹ታናሽ ወንድም አለኝ› አለው። ሌላ ነገር አልተናገረም።»

እንግዳውን እስከ በር ሸኘሁት። ይህን ሁሉ ዘመን፣ በዓሳ ፋንታ የተቀመጥኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ ክኒኑ ሲሞከር በኔ ፋንታ የተቀመጡት እነሱ ኖረዋል። አሁን ይህን ለማን ልንገረው?