ክፍል ሁለት እስኪወጣ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። እሳቸው ፊት ስቀርብ የምናዘዘው ቀላል ቀላሉን ነው፤ በጾም ማኪያቶ መጠጣቴን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን፣ የጎረቤቴን አረማመድ አስመስዬ ሰው ማሳቄን። እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኛል፣ እኔም ትልቁን ኃጢአት በኪሴ እንደያዝኩ እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጥርሴ ከድቶኛል፤ ይህ ኃጢአት ብቻ አልከዳኝም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ፊትህን ስለማላየው ካንተ ጋር ሳይቀለኝ አይቀርም።

ነገሩን የቀሰቀሱብኝ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ባለፈው ጾም ቤቴ ድረስ መጡና፣ «በአዳራሹ ውይይት አለን» አሉኝ። ርእሱ መንፈሳዊ እየተባሉ የሚሸጡትን ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ክርስቲያን ይቀበል ወይስ አይቀበል የሚል ነው። «እርስዎ ደግሞ በከተማችን የዚህ ነገር አባት ነዎት።» አባት! እንዴት ደስ እንዳለኝ! ኮቴን አራግፌ ሄድኩ። ቀለድኩ፣ ሳቁ። በመጨረሻ «ትምህርት ካለው ምን ችግር አለው?» ብዬ በጭብጨባ ተቀመጥኩ። መልሱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። እኔ ግን ቀለድኩ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሐረር ያኔ! ፈረስ መጋላ ላይ ሰማያዊዎቹ ፔጆ ታክሲዎች ተደርድረው፣ ከየሱቁ ካሴት እየጮኸ፣ አንዱ የጀመረውን ዜማ ሌላው ሱቅ ሲቀበለው። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ደግሞ የድራማ ክፍል ኃላፊ። ጢሜ ጥቁር፣ ራሴ ትልቅ። ራሴ ስል ጭንቅላቴን ማለቴ አይደለም።

ጾም ሲገባ በክርስቲያን ቤት ዘፈን አይሰማም። ቴፑ ዳንቴል ለብሶ ሁለት ወር ይቀመጣል። ይህን አየሁና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ለጾም የሚሆን መንፈሳዊ ድራማ በካሴት! ያውም እንቅልፍ የሚነሳ። ታሪኩን በሳምንት ጻፍኩት። ጎጃም ውስጥ ካለ ደብር የብር መስቀል ይጠፋል፣ አንድ ወጣት ዲያቆን ሌባውን ይፈልጋል፣ ጥርጣሬው ሁሉ በደብሩ ሽማግሌ መምህር ላይ ይወድቃል። ልጆቹን ሰብስቤ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ቀረጽኩ። መሀል ላይ የአዛን ድምፅ ገባብን። የካሴት ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ረመዳን፣ የሚያባዛልን እሱ ነበር፣ «ተወው አቦ፣ ያምራል» አለኝ። እንዳለ ተውነው። ጎጃም ውስጥ አዛን የተሰማበት ደብር የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። የሽማግሌውን መምህር ድምፅ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድምፁ ግን የእኔ አልነበረም።

በደብራችን መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የኔታ ነበሩ። ከጎጃም መጥተው በግቢው ዛፍ ሥር ለልጆች ፊደልና ዳዊት ያስተምሩ ነበር። የሚኖሩትም ወላጆች በሚሰጧቸው ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለቴ ይጠርጉና «እንዲያው ለነገሩ...» ይላሉ፣ ጎትተው። ይህን ድምፃቸውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል እያስመሰልኩ ስንት ሻይ ተጋብዤበታለሁ። ታዲያ ማይክሮፎኑ ፊት ስቆም ያንኑ ጉሮሮ ጠረግሁ፣ ያንኑ «እንዲያው ለነገሩ» ጎተትሁ። እጠላቸው ነበር? የእኔኑ ልጅ ዳዊት ያስደገሙ ሰው! ብጠላቸው ኖሮ ቢያንስ ምክንያት በኖረኝ። እኔ ያደረግሁት እንዲሁ ስለሚያምርብኝ ነው።

በካሴቱ ሽፋን ላይ «መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ድራማ» ብዬ አስጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ»። የትኛው እውነተኛ ታሪክ? ከደብራችን ጧፍ እንኳ ጠፍቶ አያውቅም። ቃሉ ሽፋኑ ላይ ስላማረ ብቻ ጨመርኩት።

ክፍል አንድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። የሽማግሌው በር ይንኳኳል። ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ዲያቆኑ «ይፍቱት!» ይላል። ሽማግሌው ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል። ከዚያ ዝም። «ክፍል ሁለት ይቀጥላል።»

ካሴቱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ከጧፍና ከመጻሕፍት ጎን ተሸጠ። ረመዳንም ሱቁ ደጃፍ ላይ ይከፍተዋል። መኪና ግርግር፣ ያ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ቀኑን ሙሉ የሚንጫጫው፣ ታሪኩ የሽማግሌው በር ላይ ሲደርስ ዝም ይል ነበር፤ እግሮች ሁሉ ከፔዳል ላይ ተነሥተው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል፤ ይህም ኃጢአት ነው መሰለኝ።

«አቦ ንገረኝ» ይለኛል ረመዳን፣ «ወላሂ ለማንም አልናገርም። ሽማግሌው ነው አይደል የሰረቀው?»

«ክፍል ሁለትን ጠብቅ።»

«ሚስቴ እንቅልፍ አጣች እኮ! የእናንተ ጾም እኛን ፈጀን!»

እየሳቅሁ አልፈዋለሁ። ታክሲ ነጂው ይጠይቀኛል፣ ሥጋ ሻጩ በጾም ሥራ ፈትቶ ይጠይቀኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም።

ከዚያ አንድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ይሄ እኮ የየኔታ ድምፅ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ? እውነተኛ ታሪክ ነው ይላል። አገራቸውስ ጎጃም አይደል?»

ሰማሁና አለፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት የደብሩ ኮሚቴ ዕቃ ቤቱን አስከፍቶ መስቀሎቹን ቆጠረ። አንድም አልጎደለም። «መልሰውት ይሆናል» አለ አንዱ። አየህ? ሙሉ ሆኖ መገኘቱም ማስረጃ ሆነባቸው። ከዛፉ ሥር ልጆች አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። አንዷ እናት ልጇን ሒሳብ ጥናት አስገባች፣ ሌላዋ «ጉንፋን ይዞት ነው» አለች። ጉንፋኑ ሳይለቀው ቀረ። የኔታ ጠዋት ጠዋት ምንጣፋቸውን አንጥፈው ባዶ ዛፍ ሥር ይቀመጡ ነበር።

ባለቤቴ አስካለ አላስችል አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተህ 'ሽማግሌው አልሰረቀም፣ ድምፁም የእኔ ቀልድ ነው' ማለት አቃተህ?»

«ከነገርኳቸውማ ክፍል ሁለትን ማን ይገዛዋል?»

«የኔታስ እስከዚያ ምን ይብሉ?»

የካሴቱ ገንዘብ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ነው፣ የእግዚአብሔር ሥራ ነው አልኳት። አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ጣሪያውን እግዚአብሔር ቸኩሎበት ነበር? አልነበረም። የቸኮልኩትም የዘገየሁትም እኔ ነኝ። ታሪኩ ልብ የሚያንጠለጥለው አንድ ሰው ተጠርጥሮ ሲቆይ ብቻ ነው። እኔም አቆየሁት።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ጠዋት ሸዋ በር ላይ አገኘኋቸው። ጥቅልል ምንጣፋቸውን ታቅፈው ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ረዳቱ «ድሬ! ድሬ!» ይላል።

«የኔታ፣ ወዴት ነው?»

ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «ወደ አገሬ ልግባ ብዬ ነው ልጄ። የእኔን ድምፅ ከእኔ አሳምረህ ትለዋለህ አሉ።»

ፈገግ ብለው ነበር። ቁጣ ብጠብቅም አልነበረም። ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?

«እንዲያው ለነገሩ...» አሉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ያ ሰውዬ ሰርቋል እንዴ?»

አንባቢዬ፣ የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር። በመንገዱ ያለው ሁሉ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጡት ምእመናን ሳይቀሩ፣ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። ያን ቃል ብናገር ምናልባት ምንጣፋቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ምናልባትም አይመለሱ። እኔ ግን ሕዝቡ እየሰማኝ መሆኑን አየሁ፣ ያ የቀልድ ሰይጣኔም ተነሣ።

«ክፍል ሁለት ሲወጣ ይሰማሉ፣ የኔታ!» አልኩ።

ሰዎች ሳቁ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

ክፍል ሁለት ለፍልሰታ ጾም ወጣ። ጨርቁ ሲፈታ ሽማግሌው ለገዛ ቀብሩ ያስቀመጠው መግነዝ ነው፤ ሌባው ሌላ ሰው ነው። ከተማው አለቀሰ። በመጨረሻው ላይ በራሴ ድምፅ «አትፍረዱ፣ እንዳይፈረድባችሁ» የሚለውን ቃል አንብቤአለሁ። በክፍል አንድ አስፈርጄ በክፍል ሁለት አትፍረዱ አልኩ፤ ሁለቱንም ሸጥኩ። አዳራሹ ጣሪያ አገኘ፣ እኔ ምርቃት። ያቺ ልጇን ሒሳብ ጥናት ያስገባችው እናት «ስንት ትምህርት አገኘንበት!» ብላ እጄን ጨበጠችኝ። ስለ የኔታ የጠየቀኝ ረመዳን ብቻ ነው።

«ያ የእናንተ ሽማግሌ የት ገቡ? ክፍል ሁለትን ላሰማቸው ብዬ አስቀምጬላቸው ነበር።»

ከዓመታት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ልናገር የሚገባኝ ይህ ነበር፤ ያውም በዚያው ጣሪያ ሥር። ልጆቼ፣ ልብ አንጠልጣይ አትዩ አልላችሁም፤ እኔም ዛሬ ሳይ አመሻለሁ፣ ሌባውን ሳላውቅ እንቅልፍ ይወስደኛል እንጂ። ካሴቴ በረመዳን ሱቅ ብቻ ተሸጦ ቢሆን ሰው «ተረት ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። ከጧፍ ጎን ስላስቀመጥኩት ግን እንደ ገድል ተቀበለው። መንፈሳዊ የሚለው ቃል የሰውን መጠራጠር ወሰደበት፤ የተረፈውን ጥርጣሬ ሁሉ አንድ ሽማግሌ ላይ አራገፈው። ቃሉን ሽፋኑ ላይ የለጠፈው ማን ነው? እኔ። ለምን? እንዲሸጥ። ሻጩ ይህን ቃል ሲለጥፍላችሁ ለምን እንደለጠፈው ጠይቁት። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ይህንንም ማመካኛ አላደርገውም፤ አስካለ ጠይቃኝ ምን መለስኩ?

አንተም አንባቢዬ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ለማለት አትቸኩል። ጥቂት ልንጠልጠል። ይቅርታውን የሚሰጡት ሰውዬ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ሄደዋል፤ እኔ የቀረኝ ሸዋ በር ላይ ያልመለስኩት መልስ ነው።

አልሰረቀም፣ የኔታ። መግነዙ ነው።