በእጥፋት ላይ የተሰመረው ጅረት

በከተማው ማዘጋጃ ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ በሚገኘው የካርታ ክፍል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ነዳፊ ነበረች። ባልደረቦቿ «እመት ቀጥታ» ይሏታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም፣ ያለ አግባብ እንዳልወጣ የሚያውቋት ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ማስመሪያዋን ሳያስፈቅድ የነካ ሰው ሰላምታዋን መልሶ ለማግኘት ሳምንት መታገሥ ነበረበትና። ቀለም በእጇ ላይ እንጂ በወረቀቷ ላይ ጠብታ ጥሎ አያውቅም። ኮምፒዩተር ወደ ክፍሉ በገባ ጊዜ ወጣቶቹ «ከእንግዲህ ጡረታ ትጠይቃለች» ሲሉ ጠበቁ፤ እሷ ግን በሦስት ወር ውስጥ ከሁሉም ቀድማ ለመደችውና ወጣቶቹን ማረም ጀመረች።

ክፍሉ አንድ የቆየ ሕግ ነበረው፤ ጠባቂውም እሷ ነበረች። ዋናዎቹ ካርታዎች በእጅ ብዛት እንዳያልቁ ከብረት መሳቢያቸው አይወጡም። አዲስ ቅጂ ሲያስፈልግ የሚገለበጠው ከመጨረሻው ቅጂ ላይ ነው፤ ያም ቅጂ በተራው ለሚቀጥለው እናት ይሆናል። ሕጉ ወረቀቱን ከጥፋት አድኖታል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ነገር ያድን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

በዚያ ዓመት ከተማው ራሱን ሊያድስ ቆርጦ ተነሣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንኛውም ነዋሪ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ በሩብ ሰዓት የእግር መንገድ እንዲያገኝ፤ የዝናብ ውሃ በአስፋልት ላይ ከመንጎድ ይልቅ ወደ አፈር እንዲሰርግ፤ ሊጠገን የሚችል አሮጌ ቤት ሁሉ ተጠግኖ እንጂ ፈርሶ እንዳይታደስ ታቀደ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከስድሳ ዓመት በፊት በሲሚንቶ ተከድኖ የተቀበረው ጅረት ተገልጦ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ለብሶ፣ ፀሐይ እንዲያይ ተወሰነ። እመት ቀጥታ ይህን ዕቅድ ከልቧ ወደደችው። ብዙ ፕላን ነድፋለች፤ አብዛኛው ከመሳቢያ አልወጣም። ይህኛው ግን የሚሠራ ዕቅድ እንደሆነ ከአቀማመጡ ዐውቃዋለች፤ መስመሩ ሁሉ ሰውን አስቦ የተሰመረ ነበርና።

አንድ ነገር ብቻ ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ከገበያው በላይ በአንድ ረድፍ የተሠሩት አሥራ አራት ቤቶች መፍረስ ነበረባቸው፤ ካርታው ጅረቱን በእነሱ ሥር ያሳልፈዋልና። ከአሥራ አራቱ በአንዱ፣ ከዳር በሦስተኛው፣ ታላቅ እህቷ ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት ይችኑ ነዳፊ ከጥልፍ ክርና ከጨርቅ ቁራጭ መካከል ያሳደገቻት እሷ ናት።

«አሥር ቀን ሰጥተውናል» አለች እህቷ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች። «ምትኩ ቤት ከተማው ጫፍ ነው። አንድ ቁልፍ ላስተክል ብሎ ሁለት አውቶቡስ የሚሳፈር ደንበኛ አለሽ?»

«እትዬ፣ ጅረቱ እኮ ከቤትሽ ሥር ነው። ለአገር ጥቅም ነው።»

«አርባ ዓመት እዚህ ወለል ላይ ስኖር ከሥሬ የሰማሁት የስፌት መኪናዬን መርገጫ ብቻ ነው። ከተማው አረንጓዴ ይሁን ይላሉ፤ ይሁን፣ ደግ! እኔ ግን ምን ልሁን? ቅጠል?»

«ካርታው እንደዚያ ይላል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ካርታሽ ይምጣና ይስፋ!»

በማግስቱ የቦይ ጠራጊዎች አለቃ፣ «አለቃ ቱቦ» የሚሉት ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ የፈረሳውን ካርታ ሊወስድ መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥቂት ካየ በኋላ ጣቱን በሰማያዊው መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጅረቱ ነዋ! ሰማያዊ ምን ሊሆን ኖሯል?»

አለቃ ቱቦ ወንበር እስኪፈልግ ድረስ ሳቀ። «በሕልምሽ ነው በዚህ የሚያልፈው? እዚያ ረድፍ ሥር ሃያ ስድስት ዓመት ስገባ ስወጣ ጫማዬ ርሶ አያውቅም። ያለው አንድ ደረቅ የዝናብ ቦይ ነው፤ አይጥ እንኳ ውሃ ጠምቷት ትወጣለች።»

«ታዲያ ሃያ ስድስት ዓመት ምን አፍህን ዘጋው?»

«ማን ጠይቆኝ? ጥረግ ሲሉኝ እጠርጋለሁ፤ ክደን ሲሉኝ እከድናለሁ። ከላይ ገበያው ጋ ሲገባ ዐውቃለሁ፤ ከታች ድልድዩ ጋ ሲወጣ ዐውቃለሁ። መሐሉን ‹ካርታ አለን› ብላችሁ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።»

ፊቷን አጥቁራ ሸኘችው። በሩን ዘግታ ስትመለስ ግን ዓይኗ ከሰማያዊው መስመር አልላቀቅ አለ። ከገበያው እስከ ድልድዩ ድረስ መስመሩ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ነበር። ለእሷ ይህ ምንጊዜም ውበት ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ጠየቀች። ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ወታደር ተሰልፎ የሄደ?

የገዛ ሕጓን አፈረሰች። የታችኛውን መሳቢያ ስባ፣ ስድሳ ዓመት የሞላውን ዋናውን ካርታ አወጣች። ወፍራሙ ወረቀት አንድ ጊዜ በመሐሉ ታጥፎ ኖሯል፤ በእጥፋቱ ውስጥ የገባው አቧራና እርጥበት ተዋሕዶ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መስመር አበጅቷል። ማጉያ መነጽሯን አቀረበች። የተከደነ ውሃ እንደሚሰመረው በነጠብጣብ የተሰመረው እውነተኛው ጅረት ከገበያው በታች ጥቂት በእጥፋቱ ላይ ተጉዞ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ የነጠብጣቡ ቀለም ደብዝዞ እንደ እስትንፋስ ቀልሎ፣ ያኔ ባዶ ሜዳ የነበረውን ቦታ አቋርጦ፣ ከድልድዩ በላይ ተመልሶ ከእጥፋቱ ጋር ይገናኛል። መግቢያውም መውጫውም ልክ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ከዋናው ላይ በቀጥታ የተገለበጠውን የመጀመሪያውን ቅጂ አነሣች። እጁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ፊርማ ማየት አላስፈለጋትም።

ትዝ አላት። ሥራ በያዘች በሦስተኛው ወር፣ ሰማዩ በደመና በተዘጋበት ቀን፣ ለሦስት ቀን የተሰጣትን ሥራ በአንድ ቀን ጨርሳ ተመስግናበታለች። ጅረቱን ትታ የወረቀቱን እጥፋት በማስመሪያ አስምራለች፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ቅጂ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም ጭምር፣ ያንን እጥፋት በታማኝነት ሲወርስ ኖሯል።

ዝም ብትል የእህቷ ቤት ይፈርሳል። ብትናገር «ለእህቷ ብላ ወንዝ አዞረች» ትባላለች። ይህን ሁለቱን ለመመዘን የፈጀባት ጊዜ መነጽሯን ለመወልወል ከሚበቃ አይበልጥም። ስህተቱን መሥራት ያወቀች እጅ ማረሙንም ታውቅበታለች ብላ ተነሣች፤ ነገር ግን ከሰው ምስክር ይልቅ የውሃ ምስክር ሊኖራት ፈለገች።

ያ ባዶ ሜዳ ዛሬ የማዘጋጃ ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ግቢ ነው። አለቃ ቱቦን ይዛ ወረደች። ከመኪና መጠለያው ጥላ ሥር፣ በጥቁር መኪና ሆድ ታች፣ ዝገት የበላው የብረት ክዳን ጠርዙ ይታያል። አለቃ ቱቦ በደረቱ ተኝቶ ጆሮውን ወደ አስፋልቱ ሲያስጠጋ ዘበኛው እየሮጠ ደረሰ።

«ምን ፈለጋችሁ? የፕላን ኃላፊው መኪና ነው!»

«መኪናውን አይደለም የማዳምጠው፣ ወንድሜ» አለ አለቃ ቱቦ ሳይነሣ።

«እሳቸው ሳይፈቅዱ ንክች አይደረግም። ክዳኑም የእሳቸው ነው።»

«ይኸው!» አለ አለቃ ቱቦ ወደ ነዳፊዋ ቀና ብሎ። «ጅረቱ ባለቤት አግኝቷል።»

«ሰማህ?» አለችው ነዳፊዋ።

«የሆነ ነገር ይንሾካሾካል። ግን ካልከፈትነው አልምልልሽም።»

ስለ ፈረሳው የተጠራው ስብሰባ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ኃላፊው ትምህርቱ የጠለቀ፣ ልቡም ንጹሕ፣ ግን ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ወጣት ነው። በአንድ ወገን የምክር ቤቱ ኮሚቴ፣ በሌላው የረድፉ ነዋሪዎች ተቀምጠዋል፤ ልብስ ሰፊዋም ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ መጥታለች። እመት ቀጥታ ያልተጠራችበትን መድረክ ወጥታ ዋናውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና በሁሉም ዓይን ፊት በመሐሉ አጠፈችው።

«በእጃችሁ ያለው ካርታ ላይ ጅረት ተብሎ የተሰመረው ይህ እጥፋት ነው። ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።»

ኃላፊው ካርታውን አጥፎ ዘረጋው፤ መልሶ አጠፈው።

«እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ አንድ የኮሚቴ አባል፣ «እህትዎ በዚያ ረድፍ አይደል የሚኖሩት?»

«ይኖራሉ። ያውም ያሳደጉኝ ናቸው። ስለዚህ እኔን አትመኑኝ።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጌታዬ፣ መኪናዎን ያንሡልኝ።»

«መኪናዬን?»

«ጅረቱ ላይ ቆሞበታል። ወይም አልቆመበትም፤ ያኔ ቤቶቹን ያፍርሱ፣ እኔም ወንበሬን እለቃለሁ።»

ኃላፊው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። መላው ስብሰባ ተከትሎት ወረደ። ክዳኑ በሁለት ሰው ጉልበትና በአለቃ ቱቦ እርግማን ተነሣ። ከታች ጨለማ ነበር፤ ከጨለማውም ውስጥ የሚሄድ ውሃ ድምፅ ወጣ።

«ውሃማ ከየትም ይመጣል» አለ የኮሚቴው አባል።

«እሱንም አስበንበታል» አለች እመት ቀጥታ። አለቃ ቱቦ ስልኩን አነሣና «ጨምሩት!» ብሎ ዘጋ። የእሱ ሰዎች ከላይ ገበያው ጋ፣ ጅረቱ ወደ ሲሚንቶው በሚገባበት አፍ ላይ፣ ቦይ ጠራጊዎች የቱቦ ስንጥቅ የሚፈልጉበትን ጉዳት የሌለው አረንጓዴ ዱቄት ይዘው ቆመው ነበር።

አምስት ደቂቃ አለፈ። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ሰባት ደቂቃ ሆነ። ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ክርን ያዘች፤ እመት ቀጥታ ግን ዓይኗን ከጉድጓዱ አላነሣችም፤ ከንፈሯ ብቻ የጅረቱን ርዝመት በእርምጃ ያሰላ ነበር።

«ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል» አለች።

በዘጠነኛው ደቂቃ፣ አለቃ ቱቦ ባበራው የእጅ ባትሪ ብርሃን ውስጥ፣ ውሃው እንደ ለምለም ሣር አረንጓዴ ሆኖ መጣ።

ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ቀጥሎ ረድፉ ሁሉ ጮኸ። ኃላፊው በጉልበቱ ተንበርክኮ ውሃውን ብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ሲነሣ ሱሪው አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

«አንድም ቤት ሳናፈርስ ማለት ነው» አለ። «ጅረቱን በገዛ ግቢያችን እናወጣዋለን። ዛፉም እዚሁ ይተከላል።» ቀጥሎ ዙሪያውን አየ። «መኪናችንንስ የት እናቆማለን?»

«ዕቅዱ ላይ ‹ሩብ ሰዓት በእግር› የሚል አላነበብኩም እንዴ?» አለ አለቃ ቱቦ። «ወይስ እሱ ለሕዝብ ብቻ ነው?»

ኃላፊው ሳቀ፤ ኮሚቴውም የእሱን ሳቅ አይቶ ሳቀ።

እህትማማቾቹ ወደ ደረጃው ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ ድንገት ቆመች።

«ቆይ እንጂ! ያቺን መስመር አንቺ ነሽ ያሰመርሻት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ላይ አስተኝተሽኛላ! እኔን ደግሞ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ብርዱ ከየት መጣ እላለሁ።» ከዚያም የታናሽ እህቷን የአንገት ልብስ እንደ ድሮው አስተካከለችላት። «ሕዝብ ፊት ቆመሽ ‹እኔ ነኝ› ስትይ ግን፣ እናታችን በሰማች ብያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቃለ ጉባኤውን ራሱ አረቀቀና ወደ ካርታ ክፍል ይዞት ወጣ። የሥራ ዘመኗ እንዳይጎድፍ አስቦላት ነበር።

«እንዲህ አልኩት፤ ‹በቴክኒክ ችግር ምክንያት በካርታው ላይ በተፈጠረ መፋለስ›። እርስዎን አይነካም።»

እመት ቀጥታ መነጽሯን አደረገች፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ልጄ፣ ቴክኒክ የሚባል ሠራተኛ በዚህ ክፍል ተቀጥሮ አያውቅም። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ነዳፊ ስህተቱ ከየት እንደገባ ካላወቀ እሱም እጥፋት ያሰምራል። ስሜን ይጻፉ። ከሥሩም ከእንግዲህ ማንኛውም ቅጂ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር፣ ቦይ ጠራጊዎችም ሳይጠየቁ እንዳይወጣ ይጻፉ።»

ኃላፊው ብዕሩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰረዘ፤ ስሟን በሙሉ ከነአባቷ ጻፈ። እሷም ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፤ ቀኑ በአንድ ተሳስቶ ስላገኘችው እሱን አርማ ፈረመችበት።