ከሦስተኛው ኮምፒውተር የሚወጣ ድምፅ

ስልክ የያዘ ሰው «ይሰማሃል?» ሲል በሰማሁ ቁጥር የጋለ ፕላስቲክና የረጠበ ጋቢ ይሸተኛል። ዛሬ ጠዋትም መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ሴት እንዲሁ ስትል ሰምቼ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት የኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አራት ኮምፒውተሮች አንዲት የስልክ መስመር ይጋራሉ። መስመሯን የሚያከፋፍለው ራውተር ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማን ቀድሞ እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚታገድ የምወስነው እኔ ነበርኩ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በስልክ መስመሯ ከኢንተርኔት የሚያገናኘን ሞደም እየጮኸ ይደውል ነበር።

አርብ አርብ ከሰዓት አንድ መምህር ይመጣና ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እጮኛው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ፊደል ስለማታውቅ የአሠሪዋ ልጅ ኮምፒውተሩን ይከፍትላትና ግማሽ ሰዓት ያህል በድምፅ ያወራሉ። ሌላ መገናኛ አልነበራቸውም። መምህሩ ሲገባ «እህቴ፣ መስመሩ ዛሬ እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔ ለእሱ ብዬ ነበር ፀጉሬን የምሠራው። ያ «እህቴ» እንዴት ያንገበግበኝ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ አርብ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ትልቅ ሪፖርት ሊልክ መጣ። የቤቱ ባለቤት «ድምፅ መስመሩን ይበላዋል፤ ይሄ እስኪያልቅ ዝጊው» አለኝ። ከሦስተኛው ኮምፒውተር የሚወጣው ድምፅ ራውተሩ ላይ ተጥሎ እንዲቀር አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ። የሚገባውን አልዘጋሁትም። እሱ ይሰማታል፤ እሷ አትሰማውም። ሪፖርቱ ተልኮ አለቀ። ትእዛዙን አላነሳሁትም።

ድምፅ የሚጓዘው በትንንሽ ጥቅል ተቆራርጦ ነው። የተጣሉት ጥቅሎች ቁጥር እኔ ስክሪን ላይ ይታያል። እሱ ሲናገር ቁጥሩ ይጨምራል፣ ዝም ሲል ይቆማል። እኔ ያንን እያየሁ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ሦስት አርብ እንዲሁ አለፈ። «ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ «ከእሷ በኩል ይሆናል» እለዋለሁ።

በአራተኛው አርብ የጆሮ ማዳመጫው ተበላሽቶ ድምፅዋ በስፒከሩ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ይሰማሃል? አለህ? ልጁ ስምህ ስክሪኑ ላይ ይታያል ይለኛል። ለምን ዝም ትለኛለህ?» አለች። «ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ፣ ነገ ፈርሚ ብላኛለች። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ። ዝም ካልክም አብሽር፣ አልቀየምህም።»

መምህሩ ተነሥቶ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ጨበጠው። «ነይ» አለ። «አትፈርሚ። ነይ፣ ነይ።» ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ቁጥሩ ይሮጣል። እጄ ማውሱ ላይ ነበር፤ ትእዛዙን ለማጥፋት አንድ ጊዜ መጫን ይበቃ ነበር። ፊቱን አየሁት። እኔን እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው እንደማይኖር ገባኝ፤ እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁት።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አለች። ድምፅዋ ጠፋ።

ከዚያ ወዲያ መስመሩ ላይ አልመጣችም። መምህሩ ሁለት ወር ያህል አርብ አርብ እየመጣ ባዶ ስክሪን ፊት ተቀመጠ፤ በኋላ ወደ አጅባር ተዛወረ። ሲሰናበተኝ «እህቴ፣ ብዙ ደከምሽልን» አለኝ።

እሷ ስትመለስ እሱ አግብቶ ወልዶ ነበር። በጨመረችው ሁለት ዓመት ውስጥ የፈላ ዘይት ቀኝ እጇን አቃጥሏት ጣቶቿ አይታጠፉም። ባለፈው የገበያ ቀን ድንገት አጠገቤ ቆመች።

«አንቺ እዚያ ኢንተርኔት ቤት ነበርሽ አሉ» አለችኝ፤ በድምፅዋ አወቅኋት። «ያን ቀን ምን ይል ነበር? እውነት ዝም ብሎ ነው?»



«ቆየ እኮ። አላስታውስም» አልኳት።

በዚያ በማይታጠፍ እጇ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝና «ይሁን፣ አንቺስ ምን ታደርጊ» ብላ ሽንኩርቷን አንጠልጥላ ሄደች።