የፎቶ ቤታችን ጉም

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረን። ፎቶ የሚያነሳው ባለቤቴ ነው። እኔ ማበጠሪያና መስታወት አቀብላለሁ፤ የታጠበው ፎቶ ከጅማ ሲመጣም በየፖስታው እከታለሁ። ከወንበሩ ጀርባ ባለቤቴ ራሱ አቡጀዲ ላይ የሳለው ባሕር ተሰቅሏል። ባሕር አይቶ አያውቅም። ቢሆንም የቡናው ገንዘብ ሲገባ ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው እዚያ ፊት መነሳት ይወድ ነበር።

አንድ ዓመት ፎቶዎቹ እየደበዘዙ ይመጡ ጀመር። ዓይንና ቅንድብ አይለይም። ባለቤቴ «ጉም ነው» ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ያስኬዳል፤ ዝናቡ አይጠፋም፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፣ ሌንስም ላብ ያወጣል። ደንበኞቹ አመኑት፤ እኔም አመንኩት። ጥር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን ፎቶው አልጠራም። ሻይ ሲቀዳም ከብርጭቆው ውጭ ሲያፈስ አየሁ። ያኔ የዓይኑ ነገር ገባኝ። አልተናገርኩም። ሌላ ሙያ የለውም፤ ካሜራውን ካስቀመጠ ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን አንድ ወጣት በጣም ያረጁ እናቱን ደግፎ ገባ።

«ጋሼ፣ ለትምህርት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። የእናቴን ፎቶ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ተነስታ አታውቅም» አለ።

እናቱ ወንበሩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ባሕሩን አዩና በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ ሳቀ።

«ሰውዬው ጎርፍ አጠገብ ሊያስቀምጠኝ ነው? ቢወስደኝስ? ነው የምትለው።»

«አይወስዳቸውም በላቸው። በሚስማር መትቼዋለሁ» አለ ባለቤቴ።

ይህ ሲተረጎምላቸው እሳቸውም ሳቁና ተቀመጡ።

ባለቤቴ ካሜራው ላይ አጎነበሰ። የሌንሱን ቀለበት አዞረ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። ልጁ ጠብቆ ጠብቆ «ጋሼ፣ እዚያው ተኙ እንዴ?» አለ። ባለቤቴ ቀና አለ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐዩ እስከ ወንበሩ ድረስ ገብቷል። በጉም ማሳበብ አይቻልም።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ እዪልኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ካሜራውን ከመወልወል በቀር ነክቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔን አስጠግቼ ቀለበቱን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። መጀመሪያ ባሕሩና ሴትዮዋ አንድ ነበሩ። ቆይቶ የግንባራቸው መስመር፣ ቀጥሎ አንገታቸው ላይ ያለው ጨሌ ጥርት አለ።

«እንዲህ ይሁን» አልኩት። ቁልፉን የተጫነው እሱ ነው።

«እትዬም ፎቶ አንሺ ሆኑ?» አለ ልጁ።

«ድሮም እሷ ናት» አለ ባለቤቴ። «አንተ ቁልፉን ስጫን ስለምታይ ነው እኔ የመሰልኩህ።»

ልጁ ከመሄዱ በፊት ፎቶው ከጅማ መጣ። ፖስታውን ስከፍት ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እንዲያየው ብዘረጋለት አልተቀበለኝም።

«እንዴት ወጡ?» አለኝ።

«እየሳቁ ነው። የቀሩት ጥርሶቻቸው ሳይቀሩ ይቆጠራሉ።»

«ዓይናቸውስ?»

«ልጃቸውን እያዩ ነው።»

ውጭ አግዳሚው ላይ ሰው እየጠበቀን ነበር። ባለቤቴ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጣቶቹ እየዳሰሰ፣ አዲስ ፊልም መሙላት ጀመረ።

«አስገቢያቸው» አለኝ።